«ቱርክ» ማን ነው? የኩርዶች ጥያቄና የአንድ ቃል ጣጣ

ጁላይ 11 ቀን 2025። በሰሜን ኢራቅ፣ በሱለይማንያ አካባቢ፣ ሠላሳ ታጣቂዎች ከአንድ ዋሻ በሰልፍ ወረዱ። ሴቶችም ወንዶችም አሉበት። ከፊታቸው አንድ ትልቅ ጎላ ተቀምጧል። እየተራ ቀርበው ጠመንጃቸውን ጎላው ውስጥ አጋደሙ። ከዚያ እሳት ተለቀቀበት። ከአርባ ዓመት በላይ የዘለቀው፣ ፒኬኬ የሚባለው የኩርዶች ታጣቂ ድርጅትና የቱርክ መንግሥት ጦርነት ማብቃት ሲጀምር ዓለም ያየው ይህንን ነው።

ዜናውን ያየ ሰው «ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተዋጉት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መሬት? ሥልጣን? የራስ አገር? ከሁሉም የሚነካካ ነገር አለበት። ግን ነገሩን ከሥሩ ልያዝ ብሎ ወደ ኋላ የሄደ ሰው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው አንድ ቃል ላይ ነው። «ቱርክ» የሚለው ቃል ላይ። ቃሉ የማን ስም ነው? የአንድ ብሔር? ወይስ የአንድ አገር ዜጎች ሁሉ? መቶ ዓመት ያለፈው ይህ ጥያቄ ዛሬም መልስ አላገኘም። እስቲ አብረን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ

በአማርኛ አገሩንም ሕዝቡንም «ቱርክ» እንላለን። በሌላ ቀን ችግር የለውም፤ ለዛሬው ጉዳይ ግን ያምታታናል። ስለዚህ አገሩን «ቱርኪዬ» እላለሁ። መንግሥቱ ራሱ ከ2022 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ የሚጠራበት ስም ነው። «ቱርክ» የምለው ሰውን ነው። ቋንቋውን «ቱርክኛ»።

ኩርዶች የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ ናቸው። ኩርድኛ ዘመዱ ፋርስኛ ነው፤ ከቱርክኛ ጋር በሥጋም በአጥንትም አይገናኝም። የኖሩበት ተራራማ አገር ዛሬ በቱርኪዬ፣ በኢራቅ፣ በኢራንና በሶሪያ ድንበር አራት ቦታ ተከፍሏል። ብዙዎቹ ያሉት ቱርኪዬ ውስጥ ነው። ወደ 85 ሚሊዮን ከሚጠጋው የአገሩ ሕዝብ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። «ይገመታል» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቱርኪዬ የዜጎቿን አፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያሳይ የቆጠራ ውጤት ለመጨረሻ ጊዜ ያሳተመችው በ1965 ነው። ከዚያ ወዲህ ኩርድ ስንት ነው ለሚል ሰው መንግሥት የሚሰጠው ቁጥር የለም።

ሌላ አንድ ነገር ያዙልኝ። አብዛኞቹ ኩርዶች ሱኒ ሙስሊም ናቸው፤ አብዛኞቹ ቱርኮችም እንዲሁ።

ድሮስ ቱርክና ኩርድ እንዴት ይኖሩ ነበር?

በኦቶማን ዘመን ሰው የሚለየው በሃይማኖቱ ነበር። ግሪክ ኦርቶዶክሱ፣ አርመኑ፣ አይሁዱ ለየብቻው «ሚሌት» የሚባል ማኅበረሰብ ነበረው። ጋብቻውን፣ ውርሱን፣ ትምህርት ቤቱን በራሱ የሃይማኖት አባቶች በኩል ያስተዳድራል። ሙስሊሙ ግን አንድ ላይ ነው። ቱርክ ይሁን ኩርድ፣ አረብ ይሁን ቦስኒያዊ፣ ሱልጣኑ የሚያየው እስልምናውን ነው። እንዲያውም «ቱርክ» የሚለው ስም ለተማረው የኢስታንቡል ሰው ያን ያህል የሚኮራበት አልነበረም። የአናቶሊያን፣ ማለትም የዛሬዋ ቱርኪዬ አብዛኛው ክፍል የሆነውን ምድር፣ ባላገር ለመጥራት፣ ንቀት ባዘለ አፍ የሚባል ነበር።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግዛቱ ፈራረሰ። በ1920 የሴቭር ውል ተፈረመ። አሸናፊዎቹ አናቶሊያን ተከፋፈሉት፤ ለኩርዶች ራስ ገዝነት፣ ምናልባትም ነፃነት የሚሰጡ አንቀጾችም ገቡበት። ሙስጠፋ ከማል፣ በኋላ አታቱርክ የተባለው፣ ይህን ውል ለመቀልበስ ሲነሳ ከጎኑ ብዙ ኩርዶች ነበሩ። በሜይ 1920 አንካራ ላይ ለአዲሱ ምክር ቤት ሲናገር፣ እዚህ የተሰበሰብነው ቱርኮች ብቻ አይደለንም፤ ሰርካሲያንም ኩርድም ላዝም አለን፤ የእስልምና ወገኖች ሆነን ነው የተሰበሰብነው የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አድርጓል። በ1923 ሎዛን ላይ አዲስ ውል ሲደራደር የነበረው ልዑኩ ኢስሜት ፓሻም የአንካራ መንግሥት የቱርኮችም የኩርዶችም መንግሥት ነው ብሎ ተከራክሯል።

ያኔ ማንም ኩርድን «የለህም» አላለውም። እንደ ወንድም ተጠርቶ ነው የዘመተው። ዛሬ ኩርዶች ስለ ክህደት ሲናገሩ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ይህችን ሰዓት ነው።

ታዲያ ምን ተፈጠረ?

የሎዛኑ ውል «አናሳ» ብሎ መብት የሰጠው ሙስሊም ላልሆኑት ብቻ ነው። ግሪኮች፣ አርመኖችና አይሁዶች ትምህርት ቤታቸውን መያዝ ቻሉ። ኩርዶች ሙስሊም ስለሆኑ ከትልቁ ሕዝብ ጋር ተደመሩ። «ያዙልኝ» ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የጋራ ሃይማኖታቸው ያቀራረባቸውን ያህል፣ በሕግ ፊት ስም እንዳይኖራቸውም አደረገ።

ከዚያ ደግሞ የጋራው ገመድ ራሱ ተቆረጠ። ሪፐብሊኩ በኦክቶበር 1923 ታወጀ። በማርች 1924 ኸሊፋነት ተሻረ፤ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ኩርዱን ከአንካራ ጋር ያስተሳሰረው እስልምና ነበር፤ አሁን መንግሥቱ እሱን ወደ ጎን አደረገው። በምትኩ ምን ይምጣ? ቱርክነት መጣ። አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ታሪክ።

ፌብሩዋሪ 1925 ላይ ሼክ ሰዒድ የሚባሉ የሃይማኖት አባት ምሥራቁን ይዘው አመፁ። አመፁ ለሃይማኖት ነው ወይስ ለኩርድነት የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ እኔ እንደሚገባኝ ሁለቱን መነጠል ይከብዳል፤ ለእሳቸው አንድ ላይ የተሸመነ ነገር ነው። በጥቂት ወር ውስጥ ተመቱ፤ ከበርካታ ተከታዮቻቸው ጋር የኩርዶች ትልቅ ከተማ በሆነችው ዲያርባኪር ላይ ተሰቀሉ። ከዚያ የአራራት አመፅ መጣ። በ1937 እና 1938 ደርሲም የምትባለው የኩርዶች አውራጃ በአውሮፕላን ጭምር ተደበደበች። ኤርዶዋን በ2011 የመንግሥት ሰነድ አውጥተው 13,806 ሰው መገደሉን ጠቅሰው ይቅርታ የጠየቁት ስለዚህ ነው። ደርሲም የሚለው ስም እንኳ አልተረፈም። በ1935 በሕግ ቱንጄሊ ተባለች።

ቱርኮቹስ ምን አስፈራቸው?

ይህን ካላዩ ነገሩ ግማሽ ይሆናል። ሪፐብሊኩን የመሠረቱት ሰዎች ከእጃቸው አገር እየተሸራረፈ ሲሄድ ያዩ ሰዎች ናቸው። ግሪክ ሄደች፣ ሰርቢያ ሄደች፣ ቡልጋሪያ ሄደች፣ አረቡ ሄደ። በየጊዜው መነሻው «እኛ ሌላ ሕዝብ ነን» የሚል ቃል ነበር። አታቱርክ ራሱ የተወለደበት ተሰሎንቄ ዛሬ የግሪክ ከተማ ነው። በዚህ ላይ ሴቭር ታክሎበታል። ዛሬም ቱርኪዬ ውስጥ «ሊከፋፍሉን ነው» የሚለው ስጋት የዚያን ውል ስም ይዞ ይነሳል።

ሌላም አለ። ከባልካንና ከካውካሰስ ተሰደው የመጡ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች በዚህ አገር ተጠልለዋል። ቦስኒያዊው፣ አልባኒያዊው፣ ሰርካሲያኑ አገሩን አጥቶ ነው የመጣው። ለእሱ «ቱርክ ነህ» መባል መጠለያ ነበር። ዜግነት አገኘ፣ ወገን አገኘ፣ ቋንቋውን ቀስ በቀስ ተወና ልጆቹ ቱርክ ሆኑ። ኩርዱ ግን ስደተኛ አይደለም። የትም አልሄደም። አያት ቅድመ አያቱ ባረሱት መሬት ላይ፣ በቋንቋው እየተናገረ ተቀምጧል። ለስደተኛው መጠለያ የሆነው ስም እሱ ጋ ሲደርስ በራሱ ቤት ላይ የተጣለ ሌላ ስም ሆነ።

«ቱርክ» ዜግነት ነው ወይስ ብሔር?

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። የነገሩ ልብ ይኸውና።

እኛ አገር ዜግነት ሌላ ነው፣ ብሔር ሌላ ነው። ሕገ መንግሥታችን ገና ሲጀምር «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ይላል። ይወደድም ይጠላም፣ ሁለቱ ነገሮች ሁለት ቃል አላቸው። ቱርኪዬ ውስጥ ሁለቱንም የተሸከመው አንድ ቃል ነው። የ1982ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 66 «በዜግነት ከቱርክ መንግሥት ጋር የተሳሰረ ሁሉ ቱርክ ነው» ይላል።

አንድ የአንካራ የሕግ ባለሙያ ይህን ሲያነብ እንዲህ ሊላችሁ ይችላል፦ «ምን ችግር አለው? ፈረንሳይ ውስጥ ብሬቶኑም ፈረንሳዊ ይባላል። እዚህም ቱርክ ማለት ዜጋ ማለት ነው፤ ዘር አልተጠየቀም።» ከልቡ ነው የሚለው። ብዙ ቱርኮችም የሚያምኑት ይህን ነው።

የዲያርባኪሩ ኩርድ ደግሞ፦ «ቃሉ ዜጋ ማለት ብቻ ከሆነ፣ የቱርክ ቋንቋ ለምን የእኔ አፍ መፍቻ ይሆናል? የቱርክ ታሪክ ሲባል ከመካከለኛው እስያ ስለመጡ አባቶች ለምን እማራለሁ? እኔ ከዚያ አልመጣሁም።» እሱም ከልቡ ነው። ቃሉ ግዴታ ሲጠየቅበት ዜግነት ይሆናል፤ ትምህርት፣ ስምና ቋንቋ ላይ ሲደርስ ብሔር ይሆናል።

ከአታቱርክ አባባሎች እጅግ የታወቀው በ1933 የሪፐብሊኩ አሥረኛ ዓመት ሲከበር የተናገረው ነው፦ «ቱርክ ነኝ ለሚል እንዴት ያለ ደስታ ነው!» ልብ በሉ፣ «ቱርክ ለሆነ» አላለም። «ነኝ ለሚል» ነው ያለው። ደጋፊዎቹ ይህን በር ክፍት መሆኑን ማሳያ ያደርጉታል፤ እውነትም አላቸው። ነኝ ያለ ሁሉ ገብቷል። ኩርድ ሚኒስትር ሆኗል፣ ጄኔራል ሆኗል፣ ባለሀብት ሆኗል። ፕሬዚዳንት የነበሩት ቱርጉት ኦዛል ኩርድ ደም እንዳላቸው በአደባባይ ተናግረዋል። የዛሬው የገንዘብ ሚኒስትር መህመት ሺምሼክ ባትማን ከሚባል የኩርዶች አካባቢ የወጡ ኩርድ ናቸው። ስለዚህ የቱርኪዬ ጉዳይ በቆዳ ቀለም ሰውን ከበር እንደመመለስ ያለ አይደለም። በሩ ክፍት ነው። ነገር ግን ስትገባ ስምህንና ቋንቋህን ደጅ ትተህ ነው። ገብተህ «እኔ ኩርድ ነኝ» ስትል ነው ጣጣው የሚመጣው።

ያ አባባል በኩርድ አካባቢዎች ተራራ ጎን ላይ፣ ከሩቅ እንዲነበብ በግዙፍ ፊደል ተጽፎ ኖሯል። ልጆች ደግሞ ከ1933 እስከ 2013 በየጠዋቱ ተሰልፈው «ቱርክ ነኝ፣ ሐቀኛ ነኝ፣ ታታሪ ነኝ» ብለው ይምሉ ነበር። ቤቱ ቱርክኛ የማይነገርበት የሰባት ዓመት የመንደር ልጅ አስቡት። ገና ቋንቋውን አልለመደም። መጀመሪያ የሚሸመድደው ዐረፍተ ነገር ስለ ራሱ ነው፤ እናቱ ቤት ከነገረችው ጋር አይገጥምም።

የስሙ ነገር ደግሞ አለ። በ1934 እያንዳንዱ ቤተሰብ የቱርክኛ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ሕግ ወጣ። አንጋፋው የኩርድ ፖለቲከኛ፣ ለኩርድ መብት እስር ቤት የገቡት ሰው ስማቸው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አሕመት ቱርክ። ማርዲን ከተማ ላይ በ2014፣ በ2019 እና በ2024 ሦስት ጊዜ ከንቲባ ሆነው ተመርጠዋል። ሦስቱንም ጊዜ መንግሥት አንስቶ በምትካቸው ተሿሚ አስቀምጧል።

ቋንቋው ለምን ይህን ያህል ከበደ?

ለረጅም ጊዜ የመንግሥት አቋም «ኩርድ የሚባል የለም፤ ቋንቋውን የረሱ የተራራ ቱርኮች ናቸው» የሚል ነበር። የለም ለተባለ ሕዝብ ደግሞ መኖሩን የሚመሰክርለት ቋንቋው ነው። አፉን በከፈተ ቁጥር «አለሁ» ማለቱ ነው። ስለዚህ ትግሉ አፍ ላይ ሆነ።

በሺዎች የሚቆጠሩ መንደሮች ስማቸው ተቀየረ። ወላጆች ለልጃቸው የመረጡትን የኩርድ ስም መዝገብ ቤት አልጽፍም የሚልበት ዘመን ነበር። ፊደል ሳይቀር ጉዳይ ሆነ። በ1928 ቱርኪዬ የላቲን ፊደል ስትይዝ ኪው፣ ደብልዩና ኤክስ አልተካተቱም። የኩርድኛ አጻጻፍ ደግሞ ሦስቱንም ይፈልጋል። የፀደይ በዓላቸውን «ኔውሮዝ» ብለው በደብልዩ ሲጽፉ ባለሥልጣኑ በቪ ካልጻፋችሁ ይላል። በአንዲት ፊደል ፍርድ ቤት የቆመ ሰው አለ። ክልከላው የተነሳው ከ2013 ማሻሻያ ወዲህ ነው።

በ1983 የወታደሩ መንግሥት ያወጣውን ሕግ ልንገራችሁ፤ ነገሩን ሁሉ ያሳያል። ሕጉ በአጭሩ፣ ቱርኪዬ እውቅና የሰጠቻቸው አገሮች ቀዳሚ የሥራ ቋንቋ ካልሆነ በስተቀር በሌላ ቋንቋ ሐሳብን መግለጽና ማሰራጨት ክልክል ነው ይላል። እስቲ አስሉት። እንግሊዝኛ ይፈቀዳል። ፋርስኛም፣ አረብኛም፣ ቡልጋርኛም። ኩርድኛ የየትኛው አገር ቀዳሚ የሥራ ቋንቋ ነው? የማንም። ያ ሁሉ ሕግ የተጻፈው አንድን ቋንቋ ለመከልከል ነው፤ የቋንቋው ስም ግን አንድም ቦታ የለበትም። ስሙን ከጠሩት መኖሩን ማመን ይሆናላ። ሕጉ እስከ 1991 ሠርቷል።

በዚያው ዘመን በዲያርባኪር ወታደራዊ እስር ቤት «ቱርክኛ ተናገር፣ ብዙ ተናገር» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ነበር። ከየመንደሩ የሚመጡ እናቶች ቱርክኛ አይችሉም። በኩርድኛ አንድ ቃል ቢወጣቸው ልጃቸው ይደበደባል። ስለዚህ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው መጥተው፣ ከልጃቸው ፊት ለፊት ቆመው፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ ዝም ብለው ያዩታል። ከዚያ ይሄዳሉ። ከዚያ እስር ቤት የወጡ ብዙዎች በኋላ ጠመንጃ ይዘው ተራራ ወጥተዋል።

በ1991 ለይላ ዛና የመጀመሪያዋ ኩርድ ሴት የምክር ቤት አባል ሆና ቃለ መሐላ ልትፈጽም ወጣች። ራሷ ላይ ያሰረችው ጨርቅ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ለእኛ ዓይን የለመድነው ቀለም ነው፤ እዚያ ግን የኩርዶች ምልክት ነው። መሐላውን በቱርክኛ ፈጸመች። መጨረሻ ላይ በኩርድኛ፣ ይህን የማለችው ለቱርክና ለኩርድ ሕዝብ ወንድማማችነት እንደሆነ አከለች። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያለመከሰስ መብቷ ተነሳና ከታጣቂዎች ጋር በማበር ተከሳ 15 ዓመት ተፈረደባት። የወጣችው በ2004 ነው።

ነገሮች አልተለወጡም ማለት ግን አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት አባል የመሆን ተስፋ በነበረበት ጊዜ ብዙ በር ተከፈተ። በጃንዋሪ 2009 የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ በኩርድኛ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ጀመረ። ከ2012 ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ከአምስተኛ ክፍል በሳምንት ሁለት ሰዓት ኩርድኛን በምርጫ መማር ይችላል። ለአያቶቹ ይህ ሕልም ነበር። በአንቀጽ 42 ግን ከቱርክኛ ሌላ ቋንቋን ለዜጎች አፍ መፍቻ አድርጎ ማስተማር ዛሬም ክልክል ነው። ማለትም ኩርድኛን እንደ አንድ ትምህርት መማር ይቻላል፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብን በኩርድኛ መማር አይቻልም።

በዚያው ፌብሩዋሪ 2009፣ ቅድም ያነሳኋቸው አሕመት ቱርክ ምክር ቤት ውስጥ ለፓርቲያቸው አባላት በኩርድኛ መናገር ጀመሩ። የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ቆረጠ። የኩርድኛ ጣቢያ ከከፈተ ሁለት ወር እንኳ ያልሞላው ያው ድርጅት ነው።

ጦርነቱስ?

የኩርዲስታን ሠራተኞች ፓርቲ፣ ማለትም ፒኬኬ፣ በ1978 ዲያርባኪር አጠገብ በአንዲት መንደር በአብዱላህ ኦጃላን መሪነት ተመሠረተ። ኦገስት 15 ቀን 1984 ኤሩህና ሼምዲንሊ የሚባሉ ከተሞችን በማጥቃት ጦርነቱን ከፈተ። ከ40,000 በላይ ሰው አልቋል፦ ታጣቂ፣ ወታደር፣ ገበሬ። ፒኬኬ ከመንግሥት ጋር ያበሩ የመንደር ጠባቂዎችን ከነቤተሰባቸው፣ ወደ ምሥራቅ የተላኩ መምህራንንም ገድሏል። መንግሥት ደግሞ በ1990ዎቹ ከ3,000 በላይ መንደሮችንና ቀበሌዎችን ባዶ አድርጓል። ኢስታንቡል ብዙ ኩርድ የሚኖርባት ከተማ የሆነችው በከፊል በዚህ ነው። ቱርኪዬ፣ አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት ፒኬኬን በሽብርተኝነት ፈርጀውታል። ኦጃላን የተያዘው እዚሁ ጎረቤታችን ናይሮቢ ነው፤ ፌብሩዋሪ 1999፣ ከግሪክ አምባሳደር መኖሪያ ወጥቶ ወደ አየር ማረፊያ ሲሄድ። ከዚያ ወዲህ ኢምራሊ በምትባል ደሴት ታስሯል።

ኩርድ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ነው?

አይደለም። ይህ በጣም የሚሳሳቱበት ነገር ነው። የኤርዶዋንን ፓርቲ ለዓመታት የመረጠ ኩርድ ብዙ ነው፤ ከኩርድነቱ ይልቅ ሃይማኖተኛነቱ ይበልጥበታል። ኢስታንቡል ተወልዶ ኩርድኛ የማይሰማ፣ ከቱርክ ጋር ተጋብቶ የወለደ አለ። «ሁለቱንም ነኝ» የሚልም አለ። ለኩርድ መብት የቆመው ፓርቲ በየጊዜው እየተዘጋ ስሙን እየቀየረ ይመለሳል። በጁን 2015 ኤችዲፒ በሚል ስም 13 በመቶ ድምፅ አግኝቶ 80 መቀመጫ ይዞ ነበር፤ አሁን ዴም ይባላል።

ብዙዎቹ የሚስማሙባቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር፣ የመረጡት ከንቲባ በተሿሚ እንዳይተካ፣ እና አንቀጽ 66። የመጨረሻውን የሚያነሱ ሰዎች «ቱርክ» በሚለው ፈንታ «ቱርኪዬሊ»፣ ማለትም «የቱርኪዬ ሰው» የሚል ቃል ያቀርባሉ። አንዲት ቅጥያ ናት። ለአንዱ ወገን የእፎይታ ቃል ናት። ሌላው ወገን ግን፣ አያቶቻችን የሞቱለትን ስም ልታጠፉት ነው ብሎ ይሰጋል። ይህን ስጋት «ዘረኝነት ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን አይረዳም። ስሜ ይጠፋል የሚል ፍርሃት ምን እንደሆነ ከኩርድ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን ምን ላይ ነው?

ያልተጠበቀው ነገር በኦክቶበር 2024 መጣ። ከሁሉም የጠነከረው የቱርክ ብሔርተኛ ፓርቲ መሪ ዴቭሌት ባህቼሊ የዴም ተመራጮችን ሄዶ ጨበጠ። ቆየት ብሎ ኦጃላን ምክር ቤት መጥቶ ፒኬኬ መፍረሱን ያውጅ አለ። ኦጃላን እንዲሰቀል ይሟገት የነበረ ሰው ነው። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2025 ኦጃላን ከእስር ቤት ድርጅቱ እንዲፈርስ ጥሪ አደረገ። በደብዳቤው የተለየ አገርም፣ ፌዴሬሽንም፣ ራስ ገዝ አስተዳደርም መፍትሔ አይሆንም ብሏል። ፒኬኬ በሜይ መፍረሱን አስታወቀ። በጁላይ ያ ጎላ ነደደ።

በኦገስት 2025 ምክር ቤቱ ጉዳዩን የሚያይ ኮሚሽን አቋቋመ። ስሙ ውስጥ «ወንድማማችነት» የሚል ቃል አለበት። ኮሚሽኑ ከጠራቸው ሰዎች መካከል በጦርነቱ ልጆቻቸውን ያጡ፣ «የሰላም እናቶች» የሚባሉ ኩርድ ሴቶች ነበሩ። ነጭ ሻሽ ነው የሚያስሩት። አንዷ እናት ሐዘኗን በኩርድኛ ልትናገር ጀመረች። የምክር ቤቱ የሥራ ቋንቋ ቱርክኛ ስለሆነ አይቻልም ተባለች።

በዚያው ሕንፃ፣ አንድ ተመራጭ በኩርድኛ ሲናገር ቃለ ጉባኤው ለዓመታት «በማይታወቅ ቋንቋ ተናገሩ» እያለ ሲመዘግብ ኖሯል። በኋላ ይህ ቀረና ቃላቱ በኤክስ ምልክት መተካት ጀመሩ፤ ከቱርክኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ተነግሯል የሚል የግርጌ ማስታወሻ ይከተላል። ያ ኤክስ ከተከለከሉት ሦስት ፊደላት አንዱ ነው።